ጭላዳ ገደል ላይ የቀረው መንገድ

በአስታ ምድር ሰው ሲታመም ቤተ ዘመድ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ያርጋል ገሠሠ ደጅ ነበር። ያርጋል መድኃኒት ቀማሚ አይደለም፣ ወጌሻም አይደለም። የመንደሩ የቃሬዛ አለቃ ነው። ከአስታ ምድር እስከ ደባርቅ ጤና ጣቢያ ለጤነኛ እግረኛ አምስት ሰዓት ያስኬዳል፤ በሽተኛ የተሸከመ ግን ማልዶ ተነሥቶ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው የሚገባው። አሥራ ስድስት ጎልማሳ አራት አራት እየሆነ ይፈራረቃል። የማን ቁመት ከማን ጋር እንደሚገጥም፣ ዳገቱ ላይ የትኛው ጥንድ ከኋላ እንደሚሆን፣ የት ሲደርሱ ማረፍ፣ የት ሲደርሱ ደግሞ ትንፋሽን ውጦ ማለፍ እንደሚገባ፣ ይህን ሁሉ የሚያዘው ያርጋል ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሲያዝ ኖሯል። ከተሸከምኻቸው ስንቱ ዳነ ብለው ሲጠይቁት፣ "የዳኑትን እነሱን ጠይቋቸው" ይላል እንጂ ቁጥር አይናገርም። የገዛ እናቱም የሞተችው በዚያው ቃሬዛ ላይ፣ የደባርቅ ቆርቆሮ ከሩቅ እያብለጨለጨ ሳለ ነበር።

የመንገዱ ክፉ ቦታ ጭላዳ ገደል ይባላል። ከመንደሩ ሁለት ሰዓት ከተሄደ በኋላ የእግር መንገዱ በገደሉ ወገብ ላይ ይወጣል፤ ከላይ ቋጥኝ፣ ከታች እስከ ወንዙ ድረስ ባዶ። መሐል ላይ ገደሉ ስምንት ክንድ ያህል ተሰንጥቋል፤ መንገዱም ወደ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ፣ ተጠምዝዞ፣ በወዲያኛው ወገን ይወጣል። አያቶቻቸው ድንጋዩን ፈልፍለው ያበጁት ስለሆነ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ያልፍበታል፤ ቃሬዛም ያልፍበታል። ሌላ ማለፊያ ከተባለ በሸንተረሩ መዞር ነው፤ እሱ ደግሞ ግማሽ ቀን ይጨምራል።

በ1972 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ ገብስ ሳይታጨድ፣ ባለሦስት እግር መነጽር በበቅሎ የጫኑ ሰዎች መጡ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ሕዝቡን ሰብስቦ፣ አውራጃው በዕቅድ ሊለማ ስለሆነ ከደባርቅ እስከ አስታ ምድር የመኪና መንገድ እንደሚወጣ ተናገረ። አገር የሚያሳይ ሰው ሲጠየቅም ያርጋልን ሰጠ።

የቀያሾቹ አለቃ ድረስ የሚባል፣ ገና ጢሙ በቅጡ ያልሞላ ወጣት ነበር። የመጀመሪያውን ቀን መነጽሩን በሸንተረሩ ላይ ተክሎ ሲያይ ዋለ።

"በዚህ ቢወጣ ይቀላል" አለ፤ "ድንጋዩም ያነሰ ነው።"

"ይቀላል ጌታዬ" አለ ያርጋል። "ግን እዚህ ላይ ያለው ጓሳና ጅብራ ነው። ሰው የለበትም። መኪናው መጥቶ ማንን ይጭናል?"

ድረስ ዓይኑን ከመነጽሩ አንሥቶ አየው። "እንግዲያው አያ ያርጋል፣ እርስዎ ቢሆኑ በየት ያወጡት ነበር?"

ያርጋል በዚያን ጊዜ ወደ ሃምሳ ዓመት ይጠጋል። በዕድሜው ሁሉ ከመንግሥት ከመጣ ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ ተጠይቆ አያውቅም። በማግሥቱ በቃሬዛው መንገድ ይዞት ሄደ። ሦስቱን መንደሮች አሳየው፣ የቅዳሜ ገበያውን አሳየው፣ አስተማሪ ጠፍቶለት ሁለት ዓመት የተዘጋውን ትምህርት ቤት አሳየው። ድረስ በየደረሰበት ይጠይቃል፤ ስንት አባወራ አለ፣ በደህና ዓመት ስንት አህያ ጭነት ገብስ ይተርፋል፣ ዐምና በወሊድ ስንት ሴት ሞተች፤ የተባለውንም ሁሉ በደብተሩ ይጽፋል።

"መንገድ ለብቻው ምንም አይደለም" ይለዋል እየሄዱ። "የሚሄደው መኪና ገብስ ይጭናል፤ ሲመለስ ባዶውን አይመጣም፣ መድኃኒት ያመጣል፣ ማዳበሪያ ያመጣል። አስተማሪውም እዚህ ሲመደብ አያለቅስም። አየህ— አዩ አያ ያርጋል፣ መንገዱ የሚሄድበት ቦታ ከተሳሳተ ይህ ሁሉ ይቀራል።"

"አንተ በለኝ ልጄ" አለው ያርጋል።

ችካሉ በቃሬዛው መንገድ ተተከለ።

አንድ ችግር ብቻ ነበር። ከመንደሩ አጠገብ፣ በኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ሥር፣ ችካሉ በሰባት መቃብር ላይ አረፈ። ወደ ላይ እንዳይሉት ቅጥሩ አለ፣ ወደ ታች እንዳይሉት ናዳ ነው። የደብሩ አስተዳዳሪ ቄስ ኪዳነ ማርያም፣ "ያረፈ ሰው አይነሣም" ብለው እንቢ አሉ። የሟቾቹ ዘመዶችም ከቄሱ ጋር ቆሙ። ያርጋል ሦስት እሑድ ተመላለሰባቸው።

"አባ፣ ከሰባቱ አንዱ የእናቴ ነው" አላቸው። "እናቴን መጀመሪያ እኔ ላንሣት። በዚህ መንገድ ላይ ነው የሞተችው፤ ብትሰማ እሺ ትል ነበር።"

"አንተ ታነሣት ይሆናል። ለሌሎቹ ልጆች ግን የምትናገረው አንተ ነህ። መንገዱ ባይመጣ ምን ትላቸዋለህ?"

"ይመጣል አባ። እኔ ባልማርም ሲጻፍ በዓይኔ አይቻለሁ።"

ቄሱ በመጨረሻ ፈቀዱ። ያርጋል የእናቱን አፅም በነጭ አቡጀዲ ጠቅልሎ በክንዱ ታቀፈ። ከሕፃን አይከብድም ነበር። ፍትሐቱ ተደግሞ ሰባቱም በቅጥሩ ውስጥ እንደ ገና ተቀበሩ።

ከዚያ በኋላ ሦስት በጋ ተቆፈረ። እያንዳንዱ አባወራ በሳምንት ሁለት ቀን ዶማና አካፋውን ይዞ ይወጣል፤ ሴቶቹ አፈሩን በባሬላ ያግዛሉ። ሰው ሲሰለች ያርጋል ነው የሚያበረታው። "ከእንግዲህ በቃሬዛ የሚሞት የለም" እያለ እየዞረ ይለምናል፤ አንዳንዴም ይቆጣል። በመንደሩ በኩል እስከ ገደሉ፣ በደባርቅ በኩልም እስከ ገደሉ ድረስ መንገዱ ተደለደለ። በ1975 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ድማሚት የያዙ ሠራተኞች መጥተው ጭላዳ ገደልን ሰበሩት። ድምፁ ደባርቅ ድረስ ተሰማ ይባላል። ጢሱና አቧራው ሲገልጥ በሁለቱም ወገን መኪና የሚያዞር ሜዳ ወጥቷል። ስንጥቁ ውስጥ ይዞር የነበረው የአያቶች መንገድ ግን ተንዶ ወንዝ ገብቷል።

"አትስጉ" አሉ ሠራተኞቹ። "ድልድዩ በመጪው በጋ ይሠራል።" እስከዚያው ብለው ሁለት የባሕር ዛፍ ግንድ አስረው ስንጥቁ ላይ ጣሉበት። ሰው አንድ በአንድ፣ ገመድ ይዞ ያልፍበታል። አህያ አያልፍበትም፤ ቃሬዛም አያልፍበትም።

በጋው መጣ። ዶዘሩም መጣ። ግን ወደ ገደሉ አልወረደም፤ ችካል ባልተተከለበት በሸንተረሩ ሽቅብ ወጣ። ያርጋል ሲያየው የጠፋ መስሎት ሮጦ ሊያሳየው ሄዶ ነበር፤ ነጂው፣ "የታዘዝኩት እዚህ ነው አባት" ብሎ መለሰው።

ያርጋል ደባርቅ ወርዶ፣ ጉዳዩን የሚያይ ነው በተባለ ቢሮ ደጃፍ ሁለት ቀን ተቀመጠ። በሦስተኛው ቀን ገባ። ጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠው ሰው በጨዋ ደንብ አስተናገደው፤ ወንበርም ሰጠው።

"ዕቅዱ ተከልሷል" አለው።

"ምን ማለት ነው ጌታዬ?"

"ቅደም ተከተሉ ተለውጧል ማለት ነው። ሸንተረሩ ላይ ጦር ይሰፍራል። እሱ የአገር ጉዳይ ነው።"

"ድልድዩስ?"

"በሚቀጥለው ዕቅድ ይታያል።"

"ገደሉ እኮ ተሰብሯል። የድሮው መንገድ የለም። ወደፊት አልሄድን፣ ወደነበርንበት አልተመለስን።"

"የተሰበረው ለልማት ነው፣ ጓድ ያርጋል።"

ግድግዳው ላይ ትልቅ ካርታ ተሰቅሎ ነበር። ያርጋል ፊደል አይለይም፤ ወንዙን ግን ከነመጠምዘዣው ለየው። በወንዙ አጠገብ አንድ ቀይ መስመር ከደባርቅ መጥቶ ገደሉ ጋ ሲደርስ ይቆማል። ጣቱን ሊያስቀምጥበት ሲል ሰውዬው፣ "እባክዎ አይነካም" አለው። ድረስ የት እንዳለ ጠየቀ። ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛውሯል አሉት። ደብተሩንም ጠየቀ። የትኛው ደብተር እንደሆነ የሚያውቅ አልተገኘም።

የሸንተረሩን መንገድ የቆፈሩት እነዚያው የአስታ ምድር ሰዎች ናቸው። ያርጋልም ቆፈረ። በ1977 ዓ.ም. ሲያልቅ ዝናቡ ከቀረ ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። ደባርቅ የእርዳታ እህል ገብቷል ተባለ። ጉልበት ያለው ወርዶ በጀርባው አመጣ፤ አህያ ያለው አህያውን ገደሉ ላይ ማሻገር አልቻለም፤ በሸንተረሩም ያን ጊዜ ጦሩ ጭነት አያሳልፍም ነበር። ጉልበት ያጣው እቤቱ ቀረ። በዚያ ዓመት በኪዳነ ምሕረት ግቢ ከተቀበሩት ብዙዎቹን ያርጋል በቃሬዛ አልተሸከማቸውም፤ ለሁለት ሰው የሚከብዱ አልነበሩም።

የአስታ ምድር ሰው መኪና በመንደሩ ራስጌ ቆሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው በ1978 ዓ.ም. ኅዳር ወር ነው። ለብሔራዊ ውትድርና የተመለመሉትን ሊወስድ የመጣ የጦር መኪና ነበር። ከመንደሩ አሥራ ዘጠኝ ሰው ተሳፈረ። አሥራ አንዱ የያርጋል ቃሬዛ ተሸካሚዎች ነበሩ፤ አንደኛው ክንዴ ሲሆን የልጁ የሸጊቱ ባል ነው። መኪናው ሲንቀሳቀስ አንዲት እናት ከሕዝቡ መሐል ወጥታ ያርጋልን ፊት ለፊት ቆመችው።

"መንገድ መንገድ ስትል የከረምኸው ለዚህ ነው?"

ሰው መልሱን ሳይጠብቅ ተበተነ።

ሸጊቱ ያን ጊዜ የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ክንዴ ሲሄድ አልቅሳ ሳትጨርስ እናትና አባቷ ቤት ገባች። ግንቦት ላይ ማክሰኞ ዕለት ምጥ ጀመራት። ሐሙስ ጎህ ሲቀድ አዋላጇ ከቤት ወጥታ ያርጋልን በጎን ጠራችው። "የሕፃኑ እጅ ቀድሞ ወጥቷል" አለችው፤ "ከእኔ ዐቅም በላይ ነው።"

ተሸካሚ ሲቆጠር አምስት ሽማግሌ ብቻ ተገኘ። ቀሪውን ቦታ ሴቶች ሞሉት፤ የሸጊቱ እናት ዓለምዬ ራሷ አንዱን ጫፍ ያዘች። በሸንተረሩ እንሂድ ተባለ፤ መቼም መንገድ ነው፣ መኪናም ቢገኝ ይለመናል። ዳገቱን ወጥተው ኬላው ጋ ሲደርሱ ገና ሁለት ሰዓት ነበር። ዘበኛው ወታደር ቃሬዛውን ሲያይ ቆቡን አወለቀ፤ መንገዱን የዘጋውን ግንድ ግን አላነሣላቸውም።

"ዛሬ ጦር ይንቀሳቀሳል አባት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሰው እንዳይታይ ተብሏል።"

"ልጄ ናት" አለው ያርጋል።

"ይታየኛል። ግን ላሳልፍዎ ብል ቀጥሎ ያለው ኬላ ይተኩሳል።"

ወታደሩ ውሸቱን አልነበረም፤ ፊቱ ያስታውቅ ነበር። ያርጋል ፀሐዩን አየ፣ የሸጊቱን ከንፈር አየ። ዘጠኝ ሰዓት ድረስ አትቆይም። "ወደ ገደሉ" አለ። ቁልቁለቱን ወረዱ። እነሱው በቆፈሩት በሰፊው መንገድ ላይ ቃሬዛው ሳይናወጥ ሄደ፤ እንዲህ ያለ ልስልስ መንገድ ተሸክመው ሄደው አያውቁም። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ጭላዳ ገደል ደረሱና ቆሙ።

ሁለቱ ግንዶች ዝናብ ጠጥተው ጠቁረዋል። ያርጋል ሸጊቱን ከቃሬዛው አንሥቶ በጀርባው አዘለ። ዓለምዬ በመቀነቷና በጋቢው አጥብቃ አሰረችበት። ገመዱን ይዞ ግንዱ ላይ ወጣ። መሐል ላይ ሲደርስ ምጡ መጣባትና አንገቱን አነቀችው፤ እስኪለቃት ድረስ እዚያው ግንዱ ላይ፣ ከሥሩ ያለውን ባዶ እያየ ቆመ። ከዚያ አንድ እርምጃ፣ ሌላ እርምጃ ብሎ ተሻገረ።

በወዲያኛው ወገን ቃሬዛ አልነበረም። ባዶውን እስኪያሻግሩት ድረስ መንገዱ ላይ አስተኛት። ሁለት መኪና ጎን ለጎን የሚያሳልፍ መንገድ ነው፤ ከዚያ እስከ ደባርቅ ጉድጓድ እንኳ የለበትም፤ በመኪና ቢሆን ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ወዴትም ስለማያደርስ ግን መኪና ገብቶበት አያውቅም፤ ሣር አብቅሏል።

"ደረስን አባዬ?" አለችው።

"አዎ ልጄ፣ ደርሰናል።"

ዓይኗን ጨፈነች። ዓለምዬ ግንዱን ተሻግራ ስትመጣ ሸጊቱ አልነበረችም።

አርባዋ ከወጣ በኋላ ያርጋል መዶሻና መሮ ይዞ ጭላዳ ገደል ወረደ። በወገቡ ላይ ገመድ አስሮ ጫፉን ከቋጥኝ ጋር ቋጠረ፤ የአያቶቹ መንገድ በነበረበት በስንጥቁ ውስጥ ድንጋዩን መውቀር ጀመረ። በመጀመሪያው ሳምንት የወጣለት አንድ እግር የሚያስቆም ብቻ ነው። ሊቀ መንበሩ መጥቶ፣ "የመንግሥት ፕሮጀክት ነው፤ ያለ ፈቃድ አይነካም" አለው። ያርጋል ወቀራውን አላቆመም። ደባርቅ ወስደው ዘጠኝ ቀን አሰሩት። የትኛውን ፕሮጀክት እንዳበላሸ የሚያሳይ ወረቀት ሲፈለግ ስለ ጠፋ ለቀቁት። በአሥረኛው ቀን ከእስር ቤት በቀጥታ ወደ ገደሉ ሄደ፤ ቤቱም አልገባ።

ዓለምዬ ከቀብሩ በኋላ ቃል አልተነፈሰችለትም ነበር። በዚያው ሳምንት በሶ በጥብጣ ይዛለት ወረደች። ሲጠጣ አጠገቡ ተቀምጣ የተወቀረውን ድንጋይ በመዳፏ ዳሰሰች።

"እሷ በሕይወት ሳለች ብትጀምረው ምን ነበር" አለችው።

"ድልድይ ይመጣል ብዬ ስጠብቅ ነው" አላት።

በማግሥቱ ፍርስራሹን በባሬላ የሚያወጣለት ሰው ይዛ መጣች።

ቄስ ኪዳነ ማርያምም አንድ ቀን መቋሚያቸውን ተደግፈው መጡ። ያርጋል ገመዱን ፈትቶ፣ ከፊታቸው ተንበርክኮ፣ "አባ፣ ስለ ሰባቱ መቃብር ይቅር በሉኝ" አላቸው።

"እኔ ይቅር ብያለሁ" አሉ ቄሱ። "የእነሱን እኔ አላውቅም፤ አልዋሽህም።" መቋሚያቸውን ከቋጥኙ አስደግፈው ነጠላቸውን አደገደጉና ድንጋይ ማቀበል ያዙ። የሰባ ዓመት ሰው ነበሩ፤ በየሳምንቱ ሐሙስ አልቀሩም።

ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው አለቀ። በሁለተኛው ዓመት ከላይ የተናደ ድንጋይ የያርጋልን ግራ እጅ አድቅቆት ሦስት ጣቱን አጥቷል፤ ከዚያ ወዲህ መሮውን ከእጁ ጋር በጠፍር እያሰረ ነበር የሚወቅረው። ሥራው ባለቀበት በ1981 ዓ.ም. የሸንተረሩ ጦር ድንገት ሰፈሩን ነቅሎ ሄደ። የክረምቱ ጎርፍም መንገዱን ሦስት ቦታ ቆረጠው፤ የሚጠግን አልመጣም። ከአሥራ ዘጠኙ ዘማች አራቱ ብቻ ከዓመት በፊት ተመልሰዋል። ክንዴ ከመካከላቸው አልነበረም፤ ከአስመራ አንድ ደብዳቤ ጽፎ ነበር፣ ሸጊቱንና ልጁን ሰላም በሉልኝ የሚል። መልስ የጻፈለት የለም።

መንገዱ ባለቀ በአምስተኛው ሳምንት የአገኘሁ ሚስት ምጥ ላይ ተቸገረች። አገኘሁ ከተመለሱት ከአራቱ አንዱ ነው። ያርጋል በአንድ እጁ ቃሬዛ መያዝ ስለማይችል ቀድሞ ሄዶ ስንጥቁ ውስጥ፣ በባዶው በኩል፣ ጀርባውን ለገደሉ ሰጥቶ ቆመ። ተሸካሚዎቹ በደረቱና በድንጋዩ መሐል፣ እሱን እየታከኩ አለፉ።

በስድስተኛው ቀን ተመለሱ። ሴትዮዋ በእግሯ እየሄደች ነበር፤ ሕፃኑ ግን ጤና ጣቢያ ሳይደርሱ ሞቷል። አገኘሁ ለማመስገን ያርጋል ደጅ መጥቶ ቆመ። ያርጋል ግባ ብሎ አስቀመጠው፤ ካስቀመጠውም በኋላ፣ "የት ላይ ነው የዘገያችሁት?" ሲል ጠየቀው።

"መታጠፊያው ላይ" አለ አገኘሁ። "የቃሬዛው እጀታ ድንጋዩን እየነካ፣ ሦስት ጊዜ አስቀምጠን ማዞር ነበረብን።"

"የላይኛው ድንጋይ ነው የታችኛው?"

"የላይኛው። በትከሻ ልክ ያለው።"

በማግሥቱ ጠዋት ዓለምዬ ጠፍሩን እጁ ላይ አሰረችለት፤ ያርጋልም ወደ ገደሉ ወረደ።